ከሱቅ የተገዛ ራቪዮሊ በደሴ ማድ ቤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነገሩ የጀመረው እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አራት ፓኬት ራቪዮሊ የያዘችልኝ ቀን ነው። አንዱን ሠርቼ ለጎረቤት አቀመስኩ። ከዚያ ወዲህ ቡና በተፈላ ቁጥር «ያ ሳምቡሳ የመሰለው ፓስታ እንዴት ነው የሚሠራው?» የማይለኝ የለም። ኮምቦልቻ ያሉት ዘመዶቼ ደግሞ በስልክ ይጠይቁኛል፤ ያውም ውሃው ድስት ላይ እየፈላ። እኔ ሼፍ አይደለሁም። ብዙ ያበሰልኩ፣ ከዚያም ውስጥ ብዙ ያበላሸሁ የደሴ ሰው ነኝ።

ራቪዮሊ ምንድን ነው?

በሁለት ስስ የፓስታ ሊጥ መሃል ሙሌት ተደርጎ፣ ዳር ዳሩ ተጣብቆ፣ በአራት ማዕዘን ወይም በክብ የተቆረጠ ፓስታ ነው። ሙሌቱ ብዙ ጊዜ ሪኮታ የሚባል ለስላሳ አይብ ከስፒናች ጋር ነው። የሥጋ፣ የዱባ፣ የእንጉዳይም አለ። ሪኮታ ከእኛ አይብ ብዙም አይርቅም። ጎመን በአይብ እየበላ ያደገ ሰው የስፒናቹን ራቪዮሊ ሲቀምስ «ይሄንንስ አውቀዋለሁ» ማለቱ አይቀርም።

የጣሊያን ጦር ደሴ የገባው ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። ጦሩ ከአምስት ዓመት በኋላ ሄደ፤ «ፒያሳ» የሚለው ስምና ፓስታው ግን ቀሩ። ራቪዮሊ እንደ መኮሮኒ በየቤቱ አልገባም። ለዚህ ነው ዛሬም ፓኬቱን ይዘን የምንፋጠጠው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ራቪዮሊ ወጡን በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው። ጨው፣ ቅመም፣ አይብ ወይም ሥጋ ውስጡ አለ። ሳምቡሳ ላይ ወጥ የሚያፈስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዚህ በታች የምላችሁ አብዛኛው ነገር ከዚህች የሚመነጭ ነው።

ፓኬቱ «4 ደቂቃ» ይላል። እኔ ቤት ግን በ4 ደቂቃ ጥሬ ነው። ምን አጠፋሁ?

አብሽሩ፣ ምንም አላጠፋችሁም። ጥፋቱ የጦሳ ነው። ተራራው ሥር ከተማ የቆረቆረ ሰው ስለ ራቪዮሊ አላሰበም።

ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብላችሁ አስሉ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 94 አካባቢ ይፈላላታል። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ ድስታችሁ ሁለት ዲግሪ አጥቷል ማለት ነው።

ሽሮ ላይ ይሄ ብዙም አይታወቅም። ባቄላና ሥጋ ላይ ግን እናቶቻችን ሁሌም ያውቁታል፤ «እዚህ አገር ሥጋ አይበስልም» የሚሉት ወደው አይደለም። ፓስታም እንደዚያው ነው። ፓኬቱ ላይ ያለው ደቂቃ የተለካው ቆላ ላይ ባለ ድስት ነው።

እኔ ደሴ ላይ የማበስለው እንዲህ ነው። በፍሪጅ የተቀመጠ እርጥብ ራቪዮሊ 4 ደቂቃ ከተባለ 6 ደቂቃ እሰጠዋለሁ። በረዶ የሠራው 6 ከተባለ ወደ 9። ደረቁ 15 ከተባለ 20፣ አንዳንዴም ትንሽ ይበልጣል። ኮምቦልቻ ላይ ከዚህ ትንሽ ቀንሱ።

እሳት መጨመር ግን አይረዳም። የፈላ ውሃ ምንም ያህል እሳት ብትጨምሩበት ከ92 አያልፍም። ቶሎ ይተናል፣ ራቪዮሊውን ያጋጫል፣ ከሰሉንም ይጨርሳል፤ ሌላ ጥቅም የለውም። ግፊት ያለው ድስትም አትሞክሩ። ለባቄላ መድኃኒት ነው፤ ራቪዮሊውን ግን ሆዱን ከፍቶ ይሰጣችኋል።

ሲንሳፈፍ በስሏል ማለት ነው?

ደርሷል እንጂ አልበሰለም። የሚንሳፈፈው ውስጡ ያለው አየር ሞቆ ስለሚነፋው ነው። ከተንሳፈፈ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁት። ከዚያ አንዱን አውጡና ጥጉን ቅመሱ። ሁለቱ ሊጥ የተደራረበበት ጠርዝ ነው መጨረሻ የሚበስለው። መሃሉን ቀምሳችሁ ብታወጡት ዳሩ ዱቄት ዱቄት ይላል።

ለምን ይፈነዳብኛል?

ውሃው እየዘለለ ስለሚፈላ ነው። ለስፓጌቲ እንደዚያ ነው የሚፈለገው፤ ለራቪዮሊ ግን ፈልቶ፣ እሳቱ ቀነስ ተደርጎ፣ ውሃው ቅልል እያለ ነው የሚበስለው። ቡና ሊገነፍል ሲል ጀበናውን ብድግ እንደምታደርጉት አድርጋችሁ አስቡት።

ሌላው ጥፋት መጨናነቅ ነው። ለ250 ግራም ራቪዮሊ ከሁለት ሊትር ተኩል ያላነሰ ውሃ ጣዱ። ድስታችሁ ትንሽ ከሆነ በሁለት ዙር ቀቅሉ። ለአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ጨው፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢጤ፣ ይበቃል። የአይብ ሙሌት ራሱ ጨዋማ ስለሆነ እኔ ከዚህ አሳንሳለሁ። ዘይት ውሃው ውስጥ አትጨምሩ። ሊጡን ያሙለጨልጨዋል፤ ሱጎውም አይዘውም።

ስታወጡት ደግሞ እንደ መኮሮኒ ማጥለያ ላይ አትገልብጡት። እላዩ ላይ የወደቀው የታችኛውን ይቀደዋል። በቀዳዳ ጭልፋ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ አውጡ። በቀዝቃዛ ውሃ አትጠቡት። የተቀቀለበትን ውሃ አንድ ኩባያ አስቀሩ፤ በኋላ እፈልገዋለሁ።

በረዶ የሠራውን ላቅልጠው ወይስ እንዳለ ልክተተው?

እንዳለ። ከፍሪዘር ወደ ድስት። ከቀለጠ ሊጡ ይረጥባል፣ ይጣበቃል፣ ይቀደዳል።

ከአዲስ አበባ በረዶ ሆኖ ተነሥቶ ደሴ ቀልጦ ደረሰ። ይጣል?

ይቺ ጥያቄ የሁላችንም ናት። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ጣርማ በር ብርድ ነው። እነዚህን ሲያልፍ ራቪዮሊው የተረፈ ይመስላል። ከዚያ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል፣ አጣዬን አልፎ ከሚሴ ይገባል፤ እዚያ እንኳን በረዶ ሰውም ይቀልጣል። ደሴ ሲደርስ ዳግም ብርድ ነው፤ ግን ከረፈደ።

መለኪያው ይሄ ነው። ፓኬቱን ስትነኩት መሃሉ ላይ ገና በረዶ ካለ፣ ወይም ከፍሪጅ አሁን የወጣ ያህል ከቀዘቀዘ፣ ችግር የለውም። ያን ቀን ማታ ሥሩት፤ ወይም ፍሪጅ አስገብታችሁ በማግስቱ ጨርሱት። ለብ ካለና ለብ ብሎ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ይጣል። በተለይ የሥጋና የአይብ ሙሌት ከሆነ አትሸምግሉት። «ሽታው ደህና ነው» ማስረጃ አይሆንም፤ ሆድ የሚያውከው ነገር ሁልጊዜ አይሸትም።

እኔ መጀመሪያ የተላከልኝን ከመኪና ስቀበል ቀዝቃዛ ነበር፤ ግን ቀልጦ አንድ ጉብ ሆኖ ጠበቀኝ። አንድ አንዱን ላላቅቅ ብዬ በቢላ ስታገል አይቡ ፈሰሰ፣ ሊጡ ተቦጨቀ፣ የቀረው ገንፎ መሰለ። አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ከዚያ አክስቴ «ልጄ፣ ቅርጹ ለማን ነው? ሱጎ ጨምሪና ጋግሪው» አለችኝ። በአንድ ትሪ ላይ ዘርግተን ጋገርነው። ከዚያ ወዲህ የተጣበቀ ራቪዮሊ ሲገጥመኝ አልታገልም። እንዴት እንደሚጋገር ወረድ ብዬ ጽፌዋለሁ።

ለሚልክላችሁ ሰው ይሄን ንገሩት። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልቶ በረዶ ያድርግ። ፓኬቱን መሃል አድርጎ በጋዜጣ ደራርቦ ይጠቅልል። አይስቦክስ ካለ እሰየው፤ ከሌለም በወፍራም ጋቢ ይጠቅልለው። ጋቢ ለሰው ሙቀት እንደሚይዝ ሁሉ ለበረዶም ብርድ ይይዛል። ሞተሩ አካባቢ እንዳያስቀምጡት ያስጠንቅቅ። ወይም ነገሩን ሁሉ ትቶ ደረቁን ይግዛ። ደረቅ ራቪዮሊ ጣዕሙ ከእርጥቡ ያንሳል፤ ነገር ግን በመደርደሪያ ላይ ወራት ይቀመጣል፣ ሸዋ ሮቢትንም አይፈራም።

ሱጎው ምን ይሁን?

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

የመጀመሪያው ስህተት ለስፓጌቲ የምንሠራውን ወፍራም የሥጋ ሱጎ ራቪዮሊ ላይ መድፋት ነው። በሥጋ የተሞላ ነገር ላይ ሥጋ ትደፋላችሁ። ውስጡ ያለው አይብ የት እንደገባ አይታወቅም። ቀይ ወጥ ላይ ጨምረው የሚበሉም አሉ። አልከለክልም። ግን እንደዚያ ከሆነ መኮሮኒ ይበቃ ነበር፤ ብራችሁን አታባክኑ።

የአይብ ራቪዮሊ ከሆነ ቅቤ እመርጣለሁ። ጣሊያኖች ቅቤን ሴጅ ከሚባል ቅጠል ጋር ያቀልጡና ያፈሱበታል። ሴጅ እዚህ አላገኘሁም፤ የጥብስ ቅጠል ግን ከበርበሬ ቀጥሎ የማይጠፋ ነገር ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ በመጥበሻ አቅልጡ፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ጣሉበት፣ ግማሽ ደቂቃ። ራቪዮሊውን ከውሃው እንደወጣ ጨምሩት። አስቀሩ ካልኳችሁ ውሃ ሁለት ማንኪያ አፍስሱበትና መጥበሻውን አወዛውዙ። ፓስታው የለቀቀው ስታርች ቅቤውንና ውሃውን ያያይዛቸዋል፤ የሚያብለጨልጭ ስስ ሱጎ ይሆናል። አለቀ። ይሄን የቀመሰ ጎረቤቴ «ወላሂ፣ ሱጎው የታለ?» ብሎ ከጠየቀኝ በኋላ ሳህኑን በዳቦ ጠረገው።

የነጠረ ቅቤ ይሆናል ወይ? ይሆናል፤ እንዲያውም ኮረሪማው ከአይቡ ጋር ይዋደዳል። ግን አንድ ልዩነት አለው። ፈረንጆቹ ቅቤውን ቡናማ እስኪሆን ያቆዩታል፤ የለውዝ ሽታ እንዲያመጣ። ቡናማ የሚሆነው በቅቤው ውስጥ የቀረው የወተት ክፍል ነው። እኛ ስናነጥር ያንን አጥልለን ጥለነዋል። ስለዚህ የነጠረ ቅቤ መጥበሻ ላይ ቆሞ ቡናማ እስኪሆን አትጠብቁት፤ ይቃጠላል እንጂ አይሆንም። ያ ጣዕም ካማራችሁ ያልነጠረ የገበታ ቅቤ ተጠቀሙ።

የሥጋ ራቪዮሊ ከሆነ ደግሞ የቲማቲም ስስ ሱጎ ይሻላል። ቁሌት አሠራራችሁን አትተዉ፤ መጠኑን ብቻ ቀንሱ። አንድ ትንሽ ሽንኩርት በደንብ ይቁላላ። ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት። አራት የበሰለ ቲማቲም ተልጦ ተከትፎ። በርበሬ በሻይ ማንኪያ ጫፍ፣ ለቀለም ያህል። ሩብ ሰዓት ከበሰለ በኋላ ትኩስ በሶብላ ቆርጣችሁ ጣሉበት። የቲማቲም ድልህ ብቻውን አይሆንም፤ ይኮመጥጣል። ከላይ የሚነሰነሰው ፓርሜዛን የሚባል የጣሊያን አይብ የለም ብላችሁ አትዘኑ፤ ጭብጥ ተደርጎ ውሃው የወጣ አይብ በትኑበት። አይቡ ላይ ቁንጥር ሚጥሚጣ።

የዱባ ራቪዮሊ አንዴ ደርሶኛል። ጣፋጭ ስለሆነ ቅቤና ጥቁር አዝሙድ ብቻ ነው ያደረግሁበት። በርበሬ ያደረገችው እህቴ ተጸጸተች።

የደሴ ብርድ ላይ ምን ይሻላል?

መረቅ። ጥርጥር የለኝም።

በሰሜን ጣሊያን በገና ሰሞን ሙሌት ያለውን ፓስታ በመረቅ ነው የሚበሉት። እኛ ቤት የቅቅል መረቅ አለ፤ ምን ጎደለን? ቅቅሉን እንደወትሮው ሥሩ፤ መረቁን አጥልሉ። ራቪዮሊውን ለብቻው ውሃ ውስጥ ግማሽ ያህል ቀቅሉት። ከዚያ መረቁ ውስጥ ጨርሱት። ከመጀመሪያው መረቅ ውስጥ ከቀቀላችሁት ዱቄቱ መረቁን ያደፈርሰዋል። በጎድጓዳ ሳህን ስምንት አሥር ፍሬ፣ መረቁ እስከ አፉ፣ ቃሪያ ስንጥቅ፣ ሎሚ ጠብ። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሲሸፍን ይሄን ይዞ መስኮት ሥር መቀመጥ ነው። ኮምቦልቻ ያሉት «እኛ ላብ በላብ ሆነን ደግሞ መረቅ?» ይሉኛል። እነሱ የሚቀጥለውን ያንብቡ።

እንደ ሳምቡሳ መጥበስ ይቻላል?

ይቻላል፤ አሜሪካ ውስጥ ሴንት ሉዊስ የምትባል ከተማ በዚህ ትታወቃለች። ራቪዮሊውን በዳቦ ፍርፋሪ ለውሰው በዘይት ይጠብሱታል፤ በቲማቲም ሱጎ እየነከሩ ይበሉታል። ረመዳን ላይ ለኢፍጣር ከሳምቡሳው ጎን አንድ ሳህን አቅርቡ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ ታያላችሁ።

እርጥቡን ራቪዮሊ ሳትቀቅሉ መጠቀም ትችላላችሁ። በረዶ የሠራው ግን ፍሪጅ ውስጥ ተነጣጥሎ ይቅለጥ፣ በጨርቅ ይድረቅ። ከነበረዶው የጋለ ዘይት ውስጥ ከገባ ዘይቱ ይፈናጠራል፤ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ደረቁን ደግሞ መጀመሪያ ቀቅሉት፤ አለበለዚያ ድንጋይ ነው። ከዚያ በተመታ እንቁላል ንከሩት፤ በደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ለውሱት። የከረመ ዳቦ በሙቀጫ ወቅታችሁ ብትነፉት ከሚሸጠው ይበልጣል። ዘይቱ 175 ዲግሪ ገደማ ይሁን። መለኪያ ከሌላችሁ ቁራሽ ዳቦ ጣሉበት፤ በአንድ ደቂቃ ወርቅማ ከሆነ ደርሷል። በአንዴ ከአምስት ስድስት በላይ አትጨምሩ። አገላብጣችሁ ሦስት አራት ደቂቃ።

ከቲማቲም ሱጎ ይልቅ ዳጣ ያቀረበልኝ ሰው አለ። እኔ ድምፄን ለዳጣ ሰጥቻለሁ።

ኦቨን የለኝም። ላዛኛ ዓይነት ማድረግ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ራቪዮሊ የሰነፍ ላዛኛ ነው እኮ። ሊጡም ሙሌቱም ተደራርቦ መጥቷል። ሳይቀቀል ነው የሚደረደረው። ሱጎውን ከወትሮው አቅጥኑት፤ ሊጡ ውሃ ይጠጣልና። ከሥር ሱጎ፣ ራቪዮሊ፣ ሱጎ፣ አይብ፤ እንደገና። ሦስት ድርብ ይበቃል። ላዩ በሱጎ ካልተሸፈነ ይደርቃል።

ኦቨን ካላችሁ በ190 ዲግሪ፣ ተሸፍኖ 30 ደቂቃ፣ ተገልጦ 10 ደቂቃ። ከፍሪዘር የወጣ ከሆነ 45 እና 15።

ኦቨን ከሌለ ድፎ ዳቦ እንዴት እንደሚጋገር አስታውሱ። ከሥርም ከላይም እሳት። ወፍራም ብረት ድስት ውሰዱ፣ ውስጡን ቅቤ ቀቡ፣ ደርድሩ፣ ክደኑ። ከሥር ጥቂት ከሰል፣ ክዳኑ ላይ ብዙ። ከሥር ከበዛ ያርራል። እኔ ከሥር ሰባት ስምንት ፍም፣ ከላይ የዚያን እጥፍ አደርጋለሁ። 40 ደቂቃ ሲሆነው ገልጣችሁ ሹካ ስደዱበት፤ ሳይታገል ከገባ በስሏል። ቶሎ አትቁረጡት። አሥር ደቂቃ ካላረፈ ሳህን ላይ ይፈሳል።

ለጾም ይሆናል? ሥጋውስ የምንድን ነው?

አብዛኛው አይሆንም። ሙሌቱ የቅጠል ቢሆን እንኳ ሊጡ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። ረቡዕና ዓርብም፣ በሁዳዴም ፓኬቱን ሳታነቡ አትግዙ። የጣሊያን ጽሑፍ ከሆነ «ኡኦቮ» እንቁላል ነው፤ «ላቴ» ወተት፤ «ፎርማጆ» አይብ።

ሥጋውን በተመለከተ «ማንዞ» የበሬ፣ «ፖሎ» የዶሮ ነው። «ማያሌ» ወይም «ስዊኖ» ካለ የአሳማ ነው። «ፕሮሹቶ»፣ «ፓንቼታ»ም ከአሳማ የሚሠሩ ናቸው። «ሞርታዴላ»ም ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ነው። እነዚህን ያየ ሙስሊምም ክርስቲያንም እዚህ አገር ፓኬቱን መልሶ ያስቀምጣል። የሀላል ምልክቱን ደግሞ ለብቻው ፈልጉ፤ የበሬ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ፓርሜዛን የሚባለው እውነተኛው የጣሊያን አይብ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ነገር መሆኑንም እወቁ፤ ይሄን የሚጠነቀቅ ሰው አለ።

እኔ እንግዳ ስጠራ የሥጋውን አልሠራም። ወሎ ውስጥ አንድ ገበታ ላይ ሁለቱም ሃይማኖት ይቀመጣል፤ ቤተሰብ ውስጥም አለ። በሠርግ ጊዜ ለየብቻ ይታረዳል፤ ለአንድ ፓኬት ራቪዮሊ ግን ይሄን ሁሉ ማን ይችላል? የአይቡን አቀርባለሁ፤ ሁሉም ይበላል።

ለስንት ሰው ይበቃል?

250 ግራም ለሁለት ሰው ነው ይላሉ። ለደሴ ሰው በብርድ ቀን፣ ለአንድ ተኩል።

የተረፈውስ? መብራት ቢጠፋስ?

የተቀቀለ ራቪዮሊ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። እንዳይጣበቅ ዘይት ነካ አድርጉበት። በማግስቱ ደግመው አይቀቅሉትም፤ ይጠብሱታል። ሽንኩርትና ቃሪያ በቅቤ ጠበስ አድርጉ፣ ራቪዮሊውን ጨምሩ፣ ሁለቱም ፊቱ ቀላ እስኪል ሳትነካኩ ተዉት። ቁርስ ላይ ከፍርፍር ቀጥሎ የምወደው ይሄ ነው። እንዲያውም ለዚህ ብዬ አብዝቼ የምቀቅልበት ቀን አለ።

መብራት ሲጠፋ የፍሪዘሩን በር አትክፈቱ። ሞልቶ የተዘጋ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት ይይዛል፣ ግማሽ የሞላ 24። ፍሪጁ ግን አራት ሰዓት ብቻ። ልጆቹን «ገና ነው ወይ?» እያሉ እንዳይከፍቱ ማስጠንቀቅ ዋናው ሥራ ነው።

በቆርቆሮ የታሸገውስ?

ከውጭ አገር ዘመድ ሻንጣ የሚወጣው ማለት ነው። በስሎ ከነሱጎው ስለታሸገ ማሞቅ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ልስልስ ያለና ጣፈጥ የሚል ነው፤ ልጆች ይወዱታል። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ካልታከለበት እኔ አልደፍረውም።

ጨርሶ ባላገኝስ?

ሥሩት። 100 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ እንቁላል። እሹት፣ ሸፍናችሁ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፣ ከሥሩ ያለ እጅ እስኪታይ አሳስታችሁ ዳምጡት። ሙሌቱ ጎመን በአይብ ይሁን፤ ግን ሁለቱንም በስስ ጨርቅ ጨምቁ። እርጥብ ሙሌት የራቪዮሊ ጠላት ነው። በሻይ ማንኪያ እየለካችሁ አስቀምጡ፣ ዙሪያውን ውሃ ቀቡ፣ ሌላውን ሊጥ አልብሱ፣ አየሩን በጣታችሁ አስወጡ፣ ጠርዙን በሹካ ጥርስ ተጫኑ። ለጾም እንቁላሉን በሞቀ ውሃና በጥቂት ዘይት ተኩ፤ ሙሌቱ ድንች ወይም ደረቅ ያለ የምስር ቁሌት ይሁን። መጀመሪያ ጊዜ ግማሹ ይፈነዳል። ሁለተኛው ጊዜ ሁለት ሦስት ብቻ።

በእንጀራ መብላት ነውር ነው?

ፓስታ በእንጀራ ስንበላ የኖርን ሰዎች ነን፤ አሁን ማን ይጠይቀናል? አንድ ምክር ብቻ፦ የቅቤውን አታድርጉ፤ እንጀራው ዘይት ጠጥቶ ይቀራል። የቲማቲሙን አድርጉ። እንጀራውም ትኩስ ሳይሆን የትናንት ይሁን፤ የትኩሱ ልስላሴ ከሊጡ ልስላሴ ጋር አንድ ላይ ሲሆን አፍ ውስጥ የሚጨበጥ ነገር የለም። አክስቴ ደግሞ በሹካ ስበላ ስታየኝ እስከ ዛሬ ትስቃለች፤ እሷ አንዱን ራቪዮሊ በአንድ ጉርሻ ጠቅልላ ነው የምታነሣው።